ያልተነገራቸው ሃያ ሁለቱ ሕሙማን፦ አረጋውያን በሕክምና ምርምር የነበራቸው ቦታ ከታሪክ አንጻር

መግቢያ

ስለ ሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1947 በኑረምበርግ ከተማ በናዚ ሐኪሞች ላይ የተሰጠው ፍርድና ከዚያው ጋር የወጣው ዐሥር አንቀጾች ያሉት ደንብ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ፣ ጥናት የሚካሄድበት ሰው ያለ ማስገደድና ያለ ማታለል በፈቃዱ መስማማቱ ከቶ የማይታለፍ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በጊዜው የነበሩ ብዙ የምዕራብ አገሮች ሐኪሞች ደንቡን ለአረመኔዎች እንደ ወጣ ሕግ ቆጥረውት ነበር፤ ለራሳቸው የዕለት ተዕለት ሥራ እንደሚያስፈልግ የተገነዘቡት ጥቂቶች ነበሩ።

ደንቡ ከወጣ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በተባለው ክፍል የተፈጸመ አንድ ድርጊት ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ነበረ አሳየ። ድርጊቱ የተፈጸመባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋና በረጅም ሕመም የደከሙ ነበሩ። ከዚህ ጉዳይ ተነሥቶ አረጋውያን በምርምር ውስጥ የነበራቸው ቦታ ባለፉት ስድሳ ዓመታት እንዴት እንደ ተለወጠ መመርመር፣ ዛሬ ከአረጋውያን ጋር ተባብሮ ጥናት ለማካሄድ ለሚያስብ ባለሙያ ሁሉ ይጠቅማል። ታሪኩ እንደሚያስረዳው አረጋውያን በሁለት በኩል ተበድለዋል፤ በአንድ በኩል እውነቱ ሳይነገራቸው ወደ ጥናት በመግባት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሳይጠየቁ ከጥናት ውጪ በመደረግ ነው። ሁለቱ በደሎች ተቃራኒ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ስለ አረጋዊው የወሰነው ሌላ ሰው ነበር።

የጥናቱ መነሻ

ዶክተር ቼስተር ሳውዛም በኒው ዮርክ የሚገኘው የስሎን-ኬተሪንግ የካንሰር ምርምር ተቋም ባልደረባ ነበሩ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲያጠኑት የኖሩት ጉዳይ የሰው አካል ከሌላ ሰው የመጣን የካንሰር ሕዋስ እንዴት እንደሚከላከል ነበር። ለዚሁም በመጀመሪያ በካንሰር የታመሙ ሰዎችን፣ ቀጥሎም በኦሃዮ ግዛት ወህኒ ቤት የነበሩ ጤነኛ እስረኞችን በላቦራቶሪ የተራቡ የካንሰር ሕዋሳት ከቆዳቸው ሥር በመርፌ ሰጧቸው። በጤነኞቹ ላይ የወጣው እብጠት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲጠፋ፣ በካንሰር ሕሙማኑ ላይ የወጣው ግን ለመጥፋት ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ። ከዚህም አዲስ ጥያቄ ተወለደ። የሕሙማኑ ሰውነት መከላከል የዘገየው በካንሰሩ ምክንያት ነው ወይስ ማናቸውም ከባድ በሽታ በሚያስከትለው የሰውነት መድከም ምክንያት?

ጥያቄው በሳይንስ ረገድ ተገቢ ነበር። ለመመለስ ግን ካንሰር የሌለባቸው፣ ነገር ግን በሌላ በሽታ ለረጅም ጊዜ ተይዘው የደከሙ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው የሚገኙት ደግሞ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ለዓመታት በሚተኙበት ሆስፒታል ነው። በመሆኑም ዶክተር ሳውዛም በብሩክሊን የአይሁድ የረጅም ሕመም ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር የነበሩትን ዶክተር ኢማኑኤል ማንዴልን አነጋገሩ፤ እርሳቸውም ጥናቱ በሆስፒታሉ እንዲካሄድ ተስማሙ። ተመራማሪው እነዚህን ሰዎች የመረጧቸው ጥናቱ ለእነርሱ ሕመም መፍትሔ ስለሚያመጣ አልነበረም። የተመረጡት ደካሞች በመሆናቸውና በቅርብ በመገኘታቸው ነበር።

በሐምሌ 1963 ሕያው የካንሰር ሕዋሳት 22 ሕሙማን ከቆዳቸው ሥር ተወጉ። ለሕሙማኑ የተነገራቸው የሰውነታቸው የመከላከል ኃይል ሊመረመር መሆኑ፣ በተወጉበት ቦታም እብጠት ወጥቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደሚጠፋ ብቻ ነበር። ካንሰር የሚለው ቃል አልተነሣም። ምርመራው ከሚታከሙበት በሽታ ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑም አልተገለጸላቸውም። በጽሑፍ የተወሰደ ፈቃድ አልነበረም። ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ከድካማቸው የተነሣ የሚባላቸውን መረዳታቸው አጠራጣሪ ነበር፤ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ይዲሽ የተባለውን የአይሁድ ቋንቋ የሚናገሩም ነበሩባቸው። ጥናቱ ከመካሄዱ በፊትም የሆስፒታሉ የምርምር ኮሚቴ እንዲመለከተው አልቀረበለትም።

እምቢ ያሉት ሦስት ሐኪሞች

መርፌውን እንዲሰጡ በመጀመሪያ ከተጠየቁት መካከል ሦስት ወጣት ሐኪሞች ይገኙ ነበር። እነርሱም ዶክተር አቪር ካጋን፣ ዶክተር ዴቪድ ላይክተር እና ዶክተር ፔሪ ፈርስኮ ነበሩ። ሦስቱም እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ያሉ ሕሙማን እውነተኛ ፈቃድ ሊሰጡ አይችሉም በማለት ትእዛዙን አልቀበልም አሉ። ሦስቱም አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ ናዚዎች በሐኪም እጅ ያስፈጸሙትንና የኑረምበርግን ፍርድ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በሆስፒታሉ ከተኙት መካከል ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች በሕይወት የተረፉ ሰዎች መኖራቸውም ነገሩን ይበልጥ የሚከብድ አደረገው።

እምቢታቸው ግን ሥራውን አላስቆመውም፤ መርፌው በሌሎች እጅ ተሰጠ። ሦስቱ ሐኪሞች በነሐሴ ወር ሥራቸውን ለቀቁ። በሙያው ገና ጀማሪ ለሆነ ሐኪም በአለቃው ላይ መነሣትና ሥራ መልቀቅ የወደፊት ዕድሉን ለአደጋ ማጋለጥ እንደ ነበረ ማንም የሙያ ባልደረባ አይስተውም። ከእነርሱ የሚበልጥ ልምድና ሥልጣን የነበራቸው ባለሙያዎች ችግር አልታያቸውም ነበር። የምርምር ሥነ ምግባር በተጻፈ ደንብ ብቻ እንደማይጠበቅ፣ ይልቁንም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የቆመው ባለሙያ ኅሊና እንደሚወስነው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ክርክሩና ውሳኔው

ጉዳዩ በዚሁ ተዳፍኖ እንዳይቀር ያደረጉት የሆስፒታሉ የቦርድ አባልና የሕግ ባለሙያ የነበሩት ዊልያም ሃይማን ናቸው። ሃይማን የሕሙማኑን መዝገብ ለማየት ሲጠይቁ ሆስፒታሉ የሕመምተኛን ምስጢር መጠበቅ አለብኝ ሲል ተከላከለ። ለሕመምተኛው ጥበቃ የቆመው የምስጢር ደንብ በዚህ ጊዜ ሆስፒታሉን ከጥያቄ መከለያ ሆነ። ሃይማን ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ነገሩም በ1964 መጀመሪያ በጋዜጦች ወጥቶ ሕዝብ አወቀው። የኒው ዮርክ ግዛት የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1965 የቦርድ አባሉ መዝገቡን የመመልከት መብት እንዳላቸው ወሰነ።

በሌላ በኩል የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን የሐኪሞችን የሙያ ፈቃድ ለሚቆጣጠረው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ቦርድ አቀረበ። ሁለቱ ሐኪሞች ያቀረቡት መከላከያ ሦስት ነጥቦች ነበሩት። አንደኛ፣ ሕዋሳቱ ጉዳት እንደማያደርሱ በቀደሙት ጥናቶች ታውቋል። ሁለተኛ፣ ካንሰር የሚለውን ቃል መጥራት ሕሙማኑን ያለ አስፈላጊነት ያስደነግጣቸው ነበር። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለው አሠራር በዘመኑ ተመራማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ለሦስተኛው ነጥብ የታወቁ ሳይንቲስቶች ቀርበው መስክረዋል።

ቦርዱ መከላከያውን አልተቀበለም። አንድ ሐኪም ሕመምተኛውን ለማከም በሚሠራበት ጊዜ የሚኖረው የመወሰን ነጻነት፣ ሕመምተኛውን ለማይጠቅም ምርምር ሲያሰልፈው አብሮት እንደማይሄድ አስገነዘበ። ሕመምተኛው ሲወስን የሚያመዛዝነውን ነገር፣ በፍርሃትም ይሁን በስሜት ላይ የተመሠረተ፣ ተመራማሪው አይጠቅምም ብሎ ሊደብቀው አይችልም። ሁለቱም ሐኪሞች በማታለልና ለሙያው በማይገባ ምግባር ጥፋተኛ ተባሉ፤ የሙያ ፈቃዳቸውም ለአንድ ዓመት እንዲታገድ ተወሰነ። ቅጣቱ ግን ተፈጻሚ ሳይሆን በገደብ ተለወጠ። ዶክተር ሳውዛም ሥራቸውን ቀጥለው በ1968 የአሜሪካ የካንሰር ምርምር ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው መመረጣቸው፣ የሙያው ዓለም ውሳኔውን እስከ ምን ድረስ እንደ ተቀበለው ያመለክታል።

ዶክተር ሳውዛም ሕዋሳቱ አደጋ የላቸውም ብለው ካመኑ በራሳቸው ላይ ለምን እንዳልሞከሩ በተጠየቁ ጊዜ፣ የሠለጠኑ የካንሰር ተመራማሪዎች ጥቂቶች በመሆናቸው ትንሽ አደጋ እንኳ መጋፈጥ ትርጉም እንደማይኖረው ገልጸው ነበር። የጉዳዩ ዋና ነጥብ በዚህ መልስ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። ለተመራማሪው ሕይወት የማይገባው ትንሽ አደጋ ለደከመው አረጋዊ ሕይወት ሊገባ እንደሚችል ሳይነገር ታስቦ ነበር።

ከ22ቱ ሕሙማን በተሰጣቸው ሕዋስ ምክንያት ካንሰር የያዘው አልተገኘም፤ እብጠቶቹም እንደ ተባለው ጠፍተዋል። ለሥነ ምግባር ታሪክ ይህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። በደሉ የሚለካው በተከተለው ጉዳት ቢሆን ኖሮ የሚወራ ነገር ባልኖረ ነበር። ሕሙማኑ የተነጠቁት ጤናቸውን ሳይሆን ስለ ገዛ አካላቸው የመወሰን መብታቸውን ነበር።

ጉዳዩ ያስከተለው ለውጥ ግን ከቅጣቱ በላይ ነው። የሐርቫርዱ ፕሮፌሰር ሄንሪ ቢቸር በ1966 ባሳተሙትና 22 አጠያያቂ ጥናቶችን በዘረዘሩበት ጽሑፍ የብሩክሊኑን ጥናት አካተውታል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሁሉ በሰው ላይ የሚደረግን ጥናት አስቀድሞ በባልደረቦች ኮሚቴ እንዲያስመረምር አዘዘ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ተቋሙ የሚገኙት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ከዚህ ትእዛዝ ጋር የሚያያዝ የዘር ሐረግ አላቸው።

ከጥበቃ ወደ መገለል

በ1974 በአሜሪካ የወጣው የምርምር ሕግ አንድ ብሔራዊ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1979 ባወጣውና ቤልሞንት በሚባለው ሰነድ ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ የተባሉትን ሦስት መርሖዎች አስቀመጠ። ስለ ሕፃናት፣ ስለ እስረኞችና በአእምሮ ሕመም ምክንያት በተቋም ስለሚኖሩ ሰዎች ልዩ ልዩ ሪፖርቶችን ሲያወጣ፣ ለአረጋውያን ግን የተለየ ምድብ አላበጀም። ይህም ተገቢ ነበር። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰው ዕድሜው ብቻውን የመወሰን ችሎታውን አያሳጣውም፤ አረጋውያንን ሁሉ እንደ ሕፃናት መቁጠር ራሱ ንቀት ነው። የአሜሪካ የእርጅና ጥናት ብሔራዊ ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ሮበርት በትለር በ1969 በዕድሜ ላይ ለተመሠረተ አድልዎ የተለየ ስያሜ ያወጡለት ይህን የመሰለውን ንቀት ለመቃወም ነበር።

በተግባር የሆነው ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎች አረጋውያንን ማሳተፍ አስቸጋሪ ሆኖ አገኙት፤ ብዙ በሽታ በአንድነት አለባቸው፣ ብዙ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ማስረዳቱም ጊዜ ይጠይቃል። በመሆኑም በብዙ የጥናት ዕቅዶች ላይ የዕድሜ ጣሪያ ተቀመጠ። ውጤቱ በ1982 ጎልቶ ታየ። ቤኖክሳፕሮፌን የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት በገበያ ላይ በዋለ ጊዜ ከሚወስዱት ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። መድኃኒቱ ግን ከአረጋውያን ሰውነት የሚወጣው ከወጣቶቹ በጣም በዘገየ ፍጥነት በመሆኑ፣ በተለመደው መጠን ሲወሰድ ይጠራቀም ነበር። በብሪታንያ ብቻ ስልሳ የሚደርሱ የሞት ሪፖርቶች ከቀረቡ በኋላ በነሐሴ 1982 ከገበያ ወጣ። በጥናት ወቅት በጥቂቶች ላይ በጥንቃቄ ሊታወቅ ይችል የነበረው ነገር፣ ያለ ጥንቃቄ በብዙዎች ላይ ታወቀ።

የደም ግፊት ሕክምናም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በአረጋውያን ላይ የላይኛው የደም ግፊት ከፍ ማለቱ የዕድሜ ጸጋ ነው፣ ባይነካ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ነበር። በ1991 ይፋ የሆነውና ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,736 ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ሕክምናው በአንጎል ደም ሥር አደጋ የመያዝን ዕድል በ36 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳየ። ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት ያላነሰ 3,845 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ውጤት ለመውጣት ደግሞ እስከ 2008 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኗል፤ በዚህም በመድኃኒቱ የታከሙት የሞት መጠን በ21 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ ጥናቶች እስኪካሄዱ ድረስ ባለፉት ዓመታት ያለ ሕክምና የቀሩት አረጋውያን፣ በጥበቃ ስም የተጎዱ ናቸው።

ከተጠኚነት ወደ ተባባሪነት

ሦስተኛው መንገድ በጸጥታ የተጀመረው የብሩክሊኑ ድርጊት ከመፈጸሙ በፊት ነው። በባልቲሞር ከተማ የእርጅናን ሂደት ያጠኑ የነበሩት ዶክተር ናታን ሾክ፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ጥናታቸውን ያካሂዱ የነበሩት በአብዛኛው በከተማው ሆስፒታል ተጠግተው በሚኖሩ ድኾች አረጋውያን ላይ ነበር። በ1958 ግን ጡረታ የወጡ አንድ የሕዝብ ጤና ሐኪም፣ ዶክተር ዊልያም ፒተር፣ ራሳቸውን ለጥናቱ በፈቃደኝነት አቀረቡ፤ ወዳጆቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውንም አግባብተው አመጡ። በዚህ ዓይነት የባልቲሞር የረጅም ጊዜ የእርጅና ጥናት ተመሠረተ። ተሳታፊዎቹ በቤታቸው የሚኖሩ፣ በየጊዜው እየተመላለሱ የሚመረመሩ፣ ሌላውን ተሳታፊም ራሳቸው የሚጋብዙ ሰዎች ነበሩ። አረጋዊው በአልጋው ላይ እንዳለ የሚወሰድ የምርምር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ፣ የጥናቱ ባለቤትነት የሚሰማው ሰው ሆነ።

ጥናቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ወዳጅ ወዳጁን በሚጋብዝበት አሠራር የተሰበሰቡት በአብዛኛው የተማሩና የተደላደለ ኑሮ ያላቸው ነጭ ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች የተካተቱት በ1978 ነው። ትብብር ሲባል ማን ተጋበዘ፣ ማንስ ቀረ የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት እንዳለበት ይህ ያስረዳል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ትብብሩ ከመሳተፍ አልፎ ጥናቱን አብሮ እስከ መቅረጽ ደርሷል። በብሪታንያ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው የምርምር ዕቅዶችን አንብበው የትኛው ገንዘብ ይገባዋል በሚለው ላይ አስተያየት መስጠት ጀመሩ። በ2024 የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም ለብዙ ዓመታት ይጠቀምበት የነበረውን ስያሜ ለውጦ ጥናት የሚካሄድባቸውን ሰዎች «ተሳታፊዎች» ሲል ጠራቸው፤ ከጥናቱ በፊት፣ በጥናቱ ጊዜና ከጥናቱ በኋላ እነርሱና ማኅበረሰባቸው ትርጉም ባለው መንገድ እንዲሳተፉም ጠየቀ።

ይሁን እንጂ ተባባሪ የሚለው ስም ብቻውን በደልን አያስቀርም። በየወሩ በጡረታ አበል የሚተዳደር አረጋዊ ለስብሰባ የሚያወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ ካልተተካለት፣ ትብብሩ ከድኻ ኪስ የሚወጣ መዋጮ ይሆናል። ጽሑፉ ጆሮና ዓይን ለደከመ ሰው ካልተመቻቸ፣ ስብሰባውም ያለ ዕረፍት ከተራዘመ፣ የተጋበዘው ሰው ለስም ብቻ ተቀምጧል ማለት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖር ሰው፣ እምቢ ቢል ከሚንከባከቡት ሰዎች ጋር እንዳይጣላ ፈርቶ ከተስማማ፣ ፈቃዱ ነጻ አይደለም። ስለ ሕይወቱ የተረከው ታሪክም በጥናቱ ውጤት ላይ ሲወጣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ በቀላሉ ሊለየው ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ጥናቱ ሲያበቃ ውጤቱ ተመልሶ ካልተነገረው፣ የተባባሪነቱ ዘመን ለተመራማሪው እስከ ጠቀመ ድረስ ብቻ የቆየ ነበር ማለት ነው።

የማስታወስ ኃይል ሲደክም

እጅግ አስቸጋሪው ሁኔታ የመወሰን ችሎታው እየቀነሰ የሚሄድ አረጋዊ ነው። በዚህ ረገድ በ2005 በእንግሊዝና ዌልስ የወጣው የአእምሮ ችሎታ ሕግ መነሻ የሚሆን ሐሳብ ይሰጣል። ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ማንኛውም አዋቂ ሰው የመወሰን ችሎታ እንዳለው ይቆጠራል፤ ችሎታውም የሚመዘነው ለተያዘው ጉዳይ እንጂ በጥቅሉ አይደለም። መወሰን ለማይችለው ሰው ቤተሰቡ ወይም ሌላ አሳቢው ይጠየቃል። ይህም ሆኖ ሰውየው ራሱ በምልክትም ቢሆን አለመፈለጉን ካሳየ ጥናቱ በእርሱ ላይ አይቀጥልም። ፈቃድ በመጀመሪያው ቀን በፊርማ የሚያልቅ ጉዳይ ሳይሆን፣ በየምዕራፉ እየታደሰ የሚሄድ ንግግር መሆን አለበት የሚለው አስተያየትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያም ይሠራል። በወላይታ በተካሄደ የእግር እብጠት በሽታ የዘር ጥናት፣ ተመራማሪዎች ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት የአካባቢውን ሰዎች ፈቃድ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል አስቀድመው አነጋግረዋል፤ ሥራውም በ2009 ታትሟል። በሽታው በዘር ይተላለፋል መባሉ በቤተሰቦች ላይ ሊያመጣ የሚችለው መገለል የተነሣው በዚህ ዓይነት ውይይት ነው። ለአረጋውያንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይገባል። አባባና እማማ እየተባሉ በክብር የሚጠሩት አረጋዊ ወደ ሕክምና ክፍል ሲገቡ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ይዟቸው ለመጣው ልጅ ነው፤ የሚመልስላቸውም እርሱ ነው። የልጁ አሳቢነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን በክብር ተቀምጦ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ሰው፣ በጥናት ፊት ከተናቀ ሰው የተለየ መብት አላገኘም።

መደምደሚያ

የብሩክሊኖቹን 22 ሕሙማን ታሪክ የሚያውቃቸው በቁጥራቸው ነው። የጥናቱን መሪ፣ የሆስፒታሉን ዳይሬክተር፣ እምቢ ያሉትን ሐኪሞችና ክስ የመሠረቱትን የቦርድ አባል በስም መጥራት ይቻላል፤ በሕሙማኑ አፍ የተነገረ ቃል ግን በክርክሩ ውስጥ ጎልቶ አልተሰማም። ስለ እነርሱ የተከራከሩትም የተፈረደላቸውም ሌሎች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ደንቦች ሁሉ ሊሞሉት የሚሞክሩት ይህንን ባዶ ቦታ ነው። አረጋውያንን ያለ ዕውቀታቸው ማስገባትም ሆነ ያለ ጥያቄ ማስወጣት የሚወገደው፣ ተመራማሪው የጥናት ዕቅዱን ከማጽደቁ አስቀድሞ አረጋዊው ፊት ተቀምጦ፣ በሚገባው ቋንቋና በቂ ጊዜ ሰጥቶ፣ እምቢታንም ያለ ቅሬታ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ሲጠይቅ ነው። ሦስቱ ወጣት ሐኪሞች በ1963 የጠየቁት ከዚህ የበለጠ አልነበረም።